ወደ ገዳም የሚያወጣው የእግር መንገድ፦ የጉናና የጋይንት የአንድ ቀን ጉዞ ለማን ይጠቅማል?

ደብረ ታቦር፦ በከተሞቻችን የአንድ ቀን የገዳም ጉዞ ማዘጋጀት የቆየ ልማድ ነው። የጽዋ ማኅበሩ ወይም ሰንበት ትምህርት ቤቱ መዋጮ ሰብስቦ አውቶቡስ ይከራያል፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ፣ አስቀድሶ፣ ጸበል ጠጥቶ፣ ሲመሽ ይመለሳል። በቅርብ ዓመታት በዚህ ልማድ ላይ ሌላ ፍላጎት ተደርቧል። ወጣቱ ተራራ መውጣትን፣ በእግር መጓዝን፣ የአገሩን መልክ በስልኩ ማስቀረትን ይሻል። ገዳምና ተራራ ደግሞ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ አይለያዩም፤ ከሰው ርቆ ለመጸለይ የፈለገ መነኩሴ አምባውን ነው የመረጠው። ስለዚህ ተሳላሚውና የእግር ተጓዡ በአንድ አቀበት ላይ ይገናኛሉ።

ያ አቀበት ግን ባዶ መሬት አይደለም። የአንድ አርሶ አደር የገብስ ማሳ ዳር፣ የአንድ ቀበሌ የወል ግጦሽ፣ የአንድ ወንዝ ራስ ነው። ጉዞውን የሚያቅደው የከተማ ነዋሪና መንገዱ በደጁ የሚያልፍበት ገበሬ በቅድሚያ ሊነጋገሩበት የሚገባ ጉዳይ አለ።

ጉና ከ4 ሺህ 100 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። የርብና የጉማራ ወንዞች ከዚህ ተራራ ተነሥተው በፎገራ ሜዳ አልፈው ጣና ይገባሉ፤ በሌላው ወገን የሚወርዱት ምንጮች ወደ አባይ ሸለቆ ያቀናሉ። በላዩ አስታ፣ ጅብራና የጓሳ ሣር ይበቅሉበታል። ከሥሩ ያለው ሕዝብ ገብስና ድንች ያመርታል፣ የፋርጣን በግ ያረባል። መሬት ሲጠብ እርሻው ሽቅብ እየወጣ፣ ቀድሞ ግጦሽና ቁጥቋጦ የነበረው ከ3 ሺህ 500 ሜትር በላይ ያለው ስፍራ ጭምር ለገብስ ተሰንጥቋል። የተራራው የላይኛው ክፍል የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ እንዲሆን የተደረገውም ይህን ሽቅብ ግስጋሴ ለመግታት ነው። በአጭሩ፣ ጎብኚው የሚፈልገው ስፍራ ገበሬው «ተው፣ አትረስ፣ አታግጥ» የተባለበት ስፍራ ነው። ለእንግዳ የሚከፈት፣ ለባለቤቱ የሚዘጋ ተራራ ቅሬታ መውለዱ አይቀርም። ይህን ነጥብ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ገዳማቱን በተመለከተ የደቡብ ጎንደር ደጋ ሀብታም ነው። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በጋሳይና በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ወልድያ የሚዘልቀውና በቻይና ድጋፍ በመሠራቱ ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» የሚለው ጎዳና የጋይንትን አገር ያቋርጣል። በጋይንት ሁለት ታላላቅ የአብነት ትምህርት ማስመስከሪያዎች አሉ። አንዱ የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተ ልሔም ናት። ሌላው በአምባ ላይ የሚገኘው የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ፣ ዙር አምባ አቡነ አረጋዊ ገዳም ነው፤ «ዙር አባ» የሚሉትም አሉ። ዝማሬ ከቅዱስ ቁርባን በኋላ በቅዳሴ ፍጻሜ፣ መዋሥዕት በጸሎተ ፍትሐትና በተዝካር የሚዜሙ ናቸው። በቤተ ክርስቲያኒቱ ትውፊት ቅዱስ ያሬድ እነዚህን ዜማዎች በዚህ አምባ ላይ እንደ ደረሰ ይነገራል፤ ዘመኑም የዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን፣ 6ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የዚህ መንገድ የመጀመሪያ እግረኞች እንግዲህ የቆሎ ተማሪዎች ናቸው። ደበሎ ለብሰው፣ ኮሮጆ አንግተው፣ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ ሳምንታት በእግራቸው ተጉዘው የመጡ ናቸው። «የእግር ጉዞ ቱሪዝም» የሚለው ቃል ሳይሰማ እነርሱ መንገዱን አቅንተውታል።

ቤተ ልሔምን እንግሊዛዊው ጸሐፊ ቶማስ ፓክንሃም እ.ኤ.አ. በ1955 ጎብኝቶ ስለ ጉዞው ባሳተመው መጽሐፍ ለውጭው ዓለም አስተዋውቋታል። በክብ የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተሸሽጎ የቆየው ጥንታዊው ባለ አራት ማዕዘን ሕንፃ ያን ጊዜ ለባዕድ ተመራማሪዎች አዲስ ነገር ነበር። ለጋይንት ሕዝብ ግን አዲስ አልነበረም።

የአንድ ቀን ጉዞ ዕቅድ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ሁለት ነገር በአንድ ቀን ለማድረግ ሲሞከር ነው። ጉናን መውጣት አንድ ቀን ነው፤ የጋይንትን ገዳም መሳለም ሌላ ቀን ነው። ከባሕር ዳር የሚነሣ ሰው ደብረ ታቦር እስኪደርስ ብቻ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሁለቱን እናጣምር የሚል የጉዞ አስተባባሪ መንገደኞቹን በጨለማ ቁልቁለት ላይ ያገኛቸዋል። ጊዜው የማይበቃው ሰው ከከተማው ሳይርቅ ደብረ ታቦር ኢየሱስን ተሳልሞ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩበትን ጋፋትን አይቶ ቢመለስ ይሻለዋል። ይህም ሙሉ ግማሽ ቀን ይወስዳል።

የተራራ ተጓዦች የሚጠቀሙበት አንድ ቀላል ስሌት አለ። ዊሊያም ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ነው። ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ሽቅብ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ይያዛል። 10 ኪሎ ሜትር ርቀትና 900 ሜትር አቀበት ያለው መንገድ ሦስት ሰዓት ተኩል ይፈልጋል ማለት ነው፤ ይህም ዕረፍትን ሳይጨምር ነው። የጋይንት ገበሬ ይህን ስሌት ሰምቶ ሊስቅ ይችላል፤ እርሱ በግማሹ ይደርሳል። የከተማው ሰው ግን ስሌቱን በግማሽ ቢጨምርበት ይበጀዋል። ከሁሉ በላይ የመመለሻውን ሰዓት አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል። ከሰዓት በኋላ ደመና በተራራው ላይ ስለሚከማች፣ ጫፍ ቢደረስም ባይደረስም 7 ሰዓት ላይ ፊትን ማዞር ተገቢ ነው።

ከፍታው የራሱ ሕግ አለው። ደብረ ታቦር በ2 ሺህ 700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አየሩ በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀዘቅዝ፣ የጉና ጫፍ ከከተማዋ በ8 ወይም በ9 ዲግሪ ይበርዳል፤ ነፋሱ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። በዚያ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 60 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ከባሕር ዳር፣ ማለትም ከ1 ሺህ 800 ሜትር፣ በጠዋት ተነሥቶ በዚያው ቀን 4 ሺህ ሜትር የሚወጣ ሰው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ቢይዘው አይደነቅም። መድኃኒቱ መውረድ ነው። ጾመኛ፣ የልብ ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡር፣ አዛውንት ያሉበት ቡድን ጫፉን ትቶ በግርጌው ቢረካ ማንም አይወቅሰውም። በሶና ዳቦ ቆሎ ከማንኛውም የታሸገ ብስኩት የተሻለ ስንቅ ነው፤ ባዶ ላስቲክ አይተርፈውምና። የበግ ጸጉር ባናም ከከተማው ስስ ጃኬት ይበልጣል።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ጉዞ የሚበዛበት ወቅት ከገበሬው የሥራ ወቅት ጋር እንዴት ይገጥማል? የአቡነ አረጋዊ ዓመታዊ በዓል ጥቅምት 14 ነው። ለተጓዥ ከዚህ የተመቸ ጊዜ የለም። ዝናቡ ቆሟል፣ ወንዙ ጎድሏል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ሜዳው ገና አረንጓዴ ነው። ለገበሬው ግን ይህ ሰብል በማሳው ላይ ቆሞ የሚገኝበት፣ ገብሱ ዛላውን አጎንብሶ ማጭድ የሚጠብቅበት ጊዜ ነው። በገጠር የእግር መንገድ ስፋት ለአንድ ሰውና ለአንድ አህያ ነው የተተወው። ሁለት መቶ ሰው ጎን ለጎን እየተጨዋወተ ሲያልፍ ጠርዙ ይረገጣል፤ ጭቃ ያገኘው ሰው ጭቃውን ሸሽቶ ወደ ማሳው ይገባል፣ ተከታዩም የእርሱን እግር ይከተላል። በመኸር ማለቂያ መንገዱ ሦስት እጥፍ ሰፍቶ ይገኛል። በአንድ የበዓል ቀን 10 መኪና፣ እያንዳንዱ 20 ሰው ይዞ ቢመጣ፣ በደርሶ መልስ 400 ጊዜ ይረገጣል። ለዚያ ጠርዝ ካሳ የሚከፍል የጉዞ ማኅበር አላየሁም።

ታኅሣሥና ጥር ማሳው ባዶ ነው፤ ውርጩ ግን ሌሊቱን ያጠነክረዋል፣ ጠዋት መሬቱ አመዳይ ለብሶ ያድራል። ለእኔ የተሻለው ወቅት ይህ ነው። አጨዳው አልቋል፣ ውቂያው እየተጠናቀቀ ነው፣ ገበሬውም በቅሎውን ለማከራየት ጊዜ አለው። መጋቢትና ሚያዝያ ደረቅ ናቸው፤ አስታውና ጓሳው በአንዲት የሲጋራ ጭራሽ ሊቃጠሉ ይችላሉ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ መንገዱን መተው ነው። በጉም ውስጥ ዱካ ይጠፋል፣ መብረቅ አለ፣ ከሁሉም በላይ እርጥብ አፈር ሲረገጥ ይጎዳል።

ስለ አፈሩ ትንሽ ልበል። የግብርና ኮሌጅ መምህሮቻችን ስለ ጎርፍ ሲያስተምሩን በቅድሚያ ያሳዩን የእግር መንገድ ነበር። የጉና የላይኛው አፈር ጥቁርና ፈካ ያለ ነው፤ ውኃን እንደ ስፖንጅ ይይዛል። እግር ደጋግሞ ሲረግጠው ይጠቀጠቃል፤ ሣሩ ይሞታል፤ ውኃው ወደ ውስጥ መስረጉን ትቶ በመንገዱ ላይ ይወርዳል። ቀጥ ብሎ ሽቅብ የወጣ ዱካ በሁለት ክረምት ቦረቦር ይሆናል። ያ አፈር የትም አይጠፋም፤ በርብና በጉማራ ተጭኖ ወደ ፎገራ ይወርዳል። ከፊሉ የርብን ግድብ ይሞላል፤ ከፊሉ የወንዙን ወለል ከፍ አድርጎ ጎርፉ ወደ ሩዝ ማሳ እንዲገባ ያደርጋል። ጉና ላይ የተሳሳተ መንገድ ያወጣ ሰው ፎገራ ላይ ያለ ገበሬን ይጎዳል፤ ሁለቱ ግን አይተዋወቁም።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ዱካው ቀጥታ ሽቅብ ከመውጣት ይልቅ በተዳፋቱ ላይ እየተጠማዘዘ እንዲወጣ ማድረግ፣ በየተወሰነ ርቀት ድንጋይ ሰያፍ ደርድሮ ውኃውን ወደ ሣር መቀልበስ፣ አቋራጮችን በእሾህ መዝጋት በቂ ነው። ይህን ሥራ ከጉና ገበሬ የበለጠ የሚያውቀው የለም፤ በየዓመቱ ከጥር ጀምሮ በተፋሰስ ልማት ዘመቻ እርከን ሲሠራ ይውላል። ከዚያ ዘመቻ ጥቂት ቀን ለእግር መንገዱ ቢመደብ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ እርከኑ የገበሬውን ማሳ ያድናል፣ መንገዱ ግን ለእንግዳ ነው። ስለዚህ የመንገዱ ሥራ በነጻ ጉልበት መሠራት የለበትም፤ ከእንግዳው በሚሰበሰብ ገንዘብ ሊከፈልበት ይገባል።

ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? እዚህ ላይ የአንድ ቀን ጉዞ ድክመቱ ይታያል። የሚያድር እንግዳ እራትና ቁርስ ይበላል፣ አልጋ ይከራያል። ውሎ የሚመለስ እንግዳ ምሳውን ከደብረ ታቦር ቋጥሮ፣ ውኃውን ከባሕር ዳር ገዝቶ፣ ለመንደሩ የእግሩን ዱካና ባዶ ፕላስቲክ ትቶ ይሄዳል። የሚረግጠው መሬት ግን ካደረው እንግዳ አያንስም። ጉዞውን የሚያቅዱ ማኅበራት ምሳውን በመንደሩ ሴቶች ቢያሠሩ፣ በቅሎ በመንደሩ ተራ ቢከራዩ፣ መንገድ መሪ ከቀበሌው ወጣቶች ቢይዙ የጉዞው ዋጋ በጥቂቱ ይጨምር ይሆናል። ለሦስትና ለአራት ቤተሰብ ግን የማዳበሪያ ዕዳ ይቀንሳል።

ለዚህ ሩቅ ሄዶ ምሳሌ መፈለግ አያስፈልግም። በዚያው በቻይና መንገድ ላይ፣ ከላይ ጋይንት ቀጥሎ ያለው የሰሜን ወሎው መቄት ወረዳ ሃያ ዓመት ያለፈው ልምድ አለው። «ተስፋ» በተባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ አርሶ አደሮች እንደ መቋት ማርያም ባሉ ስፍራዎች በገደሉ አፋፍ ላይ የሣር ጎጆ ሠርተው እንግዳ አሳድረዋል። ምግቡን ራሳቸው አብስለዋል፤ አህያውንም በተራ ጭነዋል። እንግዳው ከመንደር ወደ መንደር በእግሩ ሲሄድ እያንዳንዱ መንደር ድርሻውን ያገኝ ነበር። የዚህ አሠራር ጥንካሬ ከጎጆው ውበት ይልቅ በተራው ላይ ነው። ተራ ባለበት አንዱ ብልጥ ሁሉንም አይወስድም፤ እንግዳም እጁ ተይዞ አይጎተትም። በላሊበላ አሸተን ማርያምን ለመሳለም ከ3 ሺህ ሜትር በላይ የሚወጣ እንግዳም በበቅሎ ነጂዎች ክርክር መካከል የሚያልፍበት ጊዜ መኖሩን የሄደ ሁሉ ያውቃል። ዋጋው በሰሌዳ ተጽፎ ቢለጠፍ፣ ተራውም እንደ እድር መዝገብ ቢያዝ ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናል።

ቀደም ሲል ያነሣሁት ቅሬታ፣ ማለትም ለባለቤቱ የተዘጋ ለእንግዳ የተከፈተ ተራራ፣ በአገራችን ሁለት መንገድ ታይቶበታል። አንደኛው የመንዝ ጓሳ ነው። በዚያ ሕዝቡ «ቄሮ» በተባለው ሥርዓቱ ሣሩን ለሦስትና ለአምስት ዓመት ዘግቶ፣ በጋራ ከፍቶ፣ በጋራ ያጭድ ነበር። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም የመሬት አዋጅ ቢናጋም ጥበቃው በሌላ መልክ ቀጥሎ፣ ዛሬ ጓሳው በማኅበረሰቡ ስም ይጠበቃል። እንግዳ ሲመጣም የሚቀበለው ሣሩን የሚያጭደው ሕዝብ ነው። ሁለተኛው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ፣ በ2017 ከዚያ መዝገብ የወጣው ይህ ፓርክ ትልቅ ስኬት ነው። ለስኬቱ ግን የግጭ መንደር ነዋሪዎች የእርሻና የግጦሽ መሬታቸውን ትተው ወደ ደባርቅ ሄደዋል። ካሳ ተከፍሏቸዋል፤ ገበሬነት ግን በካሳ አይተካም። ለጉና የሚስማማው የመጀመሪያው ነው ብዬ አምናለሁ። የጉና ሕዝብ ሣሩን በተወሰነ ጊዜ እንዲያጭድ የተፈቀደለት እንደሆነ፣ ተራራውን ከእሳትና ከምሣር የሚጠብቀው ራሱ ይሆናል። መንገድ ለማስፋት የግል ይዞታ የሚነካ ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ካሳ የሚገባው መሆኑን ገበሬውም፣ የቀበሌ መሬት አስተዳደሩም ከወዲሁ ሊያውቁ ይገባል።

ገዳሙ ደግሞ የራሱ ባለቤትና የራሱ ሥርዓት አለው። በደብረ ዳሞና በጣናው ክብራን ገብርኤል ሴቶች አይገቡም፤ ሌሎች ገዳማት የተለየ ወሰን አላቸው። ስለዚህ ቡድኑ ከመነሣቱ በፊት ወደ ገዳሙ አስተዳደር መልእክት መላክ፣ የሚገባውንና የማይገባውን ማጣራት የአስተባባሪው ግዴታ ነው። ሩቅ መንገድ መጥተው በር ላይ የቀሩ እናቶች ሐዘን ቀላል አይደለም። ጫማ ይወልቃል፤ ነጠላ ይለበሳል። ያለ ፈቃድ ብራና አይገለጥም፣ ፎቶም አይነሣም። ጉባኤ ላይ ያለ የአብነት ተማሪ የቱሪስት ትርኢት አይደለም፤ ቃሉን እየቀጸለ ባለበት ሰዓት ካሜራ ፊቱ ላይ መደቀን ነውር ነው። ሊረዳው የፈለገ ሰው ጥሬ፣ እህል፣ ሳሙና ይዞ ሄዶ ለመምህሩ ያስረክብ። በተራራው ላይ ደግሞ ጅብራን ለፎቶ ብሎ መስበር ይቅር። ጅብራ ለዓመታት አድጎ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞት ተክል ነው፤ ሳያብብ የተሰበረው ዘር አይተውም።

ሰላምን ሳያነሡ ይህን ጉዳይ መጨረስ አይቻልም። በ2013 ዓ.ም ክረምት ጦርነቱ ነፋስ መውጫን አልፎ ጉና ድረስ ደርሶ ነበር፤ ደብረ ታቦርም በከባድ መሣሪያ ተመትታለች። ከ2015 ዓ.ም ነሐሴ ወዲህ ደግሞ በክልሉ የዘለቀው ግጭት የውጭ ጎብኚውን አርቆታል፣ የአገር ውስጡንም ጉዞ አሳስቶታል። በዚህ ሁኔታ የጉዞ ቀን የሚወሰነው በቀን መቁጠሪያ ብቻ አይደለም። በመነሻው ዋዜማ ከመዳረሻው ሰው ጋር በስልክ ተነጋግሮ መንገዱ ክፍት መሆኑን ማረጋገጥ፣ መታወቂያ መያዝ፣ የተጓዦችን ዝርዝር ከተማ ላለ ሰው መተው፣ በማታ አለመንዳት ያስፈልጋል። «አይሆንም» የሚል መልስ ከመጣ የተሰበሰበውን ገንዘብ ለተጓዡ መመለስ ነው፤ ብዙ አስተባባሪ ገንዘቡን ላለመመለስ ሲል ነው ወደ አደጋ የሚነዳው። ውጊያ በነበረባቸው ተዳፋቶች ላይ ከዱካ ወጥቶ መንከራተት፣ ወድቆ የተገኘን ብረት ማንሣት ፈጽሞ አይገባም። ልጆች ይዘው የሚሄዱ ወላጆች ይህን አስቀድመው ይንገሯቸው።

እንግዳው በቀነሰበት በዚህ ጊዜ ስለ መንገድና ስለ ተራ ማውራት የቅንጦት ሊመስል ይችላል። እኔ የማየው በተቃራኒው ነው። ብዙ መኪና መምጣት ከጀመረ በኋላ ዱካን ማጥበብ፣ የለመደን ደላላ ማስወጣት፣ የሰፋን ጠርዝ ለማሳው መመለስ እጅግ ከባድ ነው። ዛሬ ግን ቀበሌው፣ ገዳሙና የወረዳው ባሕልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሦስት ነገር ሊወስኑ ይችላሉ፦ እግረኛው በየት በኩል ይለፍ፣ በየትኛው ወር አይለፍ፣ የሚከፍለውስ ለማን ይድረስ። የዘንድሮው የተፋሰስ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከተወሰነ ሰያፍ ድንጋዮቹ በጥር ተደርድረው፣ የመጀመሪያውን ክረምት ሰኔ ላይ ይቀበላሉ።